ሰውን ከልክ በላይ ስለ ማድነቅ የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ ክፉ ነገር ሁሉ በክፉ መልክ ቢመጣ ኖሮ ከእርሱ መሸሽ ቀላል በሆነ ነበር። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ውሻ ይጮኽበታል፥ ጎረቤትም ዱላ ይዞ ይወጣበታል። ነገር ግን በወዳጅ ልብስ የሚመጣ ክፉ አለ፤ ለእርሱ ውሻ አይጮኽም፥ ደጅም አይዘጋም፤ ባለቤቱ ራሱ ግባ ብሎ ወንበር ይሰጠዋል። ከእንደዚህ ያሉት አንዱ ፍቅር መስሎ የሚመጣው፥ ሌላውን ሰው የራስ ገንዘብ የማድረግ ምኞት ነው። ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ልጽፍልህ ወደድሁ፤ ምሳሌ የማደርገውም በብዙ አገር ሰዎች ያዩትን አንድ ፊልም ነው። ሲኒማን ሁሉ ለማመስገን ወይም ሁሉን ለመንቀፍ አልጻፍሁም፤ አስተዋይ ሰው ከጉንዳን እንኳ ትምህርት ይወስዳልና፥ እኛም ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመንን እንውሰድ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊልሙ «ሚዘሪ» ይባላል፤ ትርጓሜውም መከራ ማለት ነው። ስቲቨን ኪንግ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1987 ዓ.ም. ካሳተመው ልብ ወለድ መጽሐፍ ተወስዶ፥ ዊሊያም ጎልድማን ለፊልም እንዲሆን ጽፎት፥ ሮብ ራይነር አዘጋጅቶት በ1990 ዓ.ም. ወጣ። አኒ ዊልክስ የተባለችውን ሴት መስላ የተጫወተችው ካቲ ቤትስም በ1991 ዓ.ም. ለዋና ሴት ተዋናይ የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። በዚህ ፊልም ውስጥ ጭራቅ ወይም የሙት መንፈስ የለም፤ የሚያስፈራው የሰው ልብ ብቻ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፖል ሸልደን የሚባል ደራሲ ሚዘሪ ስለምትባል አንዲት ሴት ተከታታይ የፍቅር ታሪክ እየጻፈ ስምና ገንዘብ አገኘ። ከጊዜ በኋላ ግን ሥራው ሰለቸው፤ ስለዚህ በመጨረሻው መጽሐፍ ሚዘሪ እንድትሞት አደረገና በኮሎራዶ ተራሮች ባለ አንድ ማረፊያ ቤት ተቀምጦ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ጻፈ። ጽፎም በጨረሰ ጊዜ ሲመለስ በብርቱ በረዶ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ፥ እግሮቹም ተሰበሩ። ቀድሞ በሐኪም ቤት አስታማሚ የነበረችው አኒ ዊልክስ ከበረዶው ውስጥ አውጥታ ወደ ቤትዋ ወሰደችው። ስብራቱን ጠገነች፥ መድኃኒት ሰጠችው፥ በእጅዋም አበላችው። ከአድናቂዎቹ ሁሉ የምትበልጠው እርስዋ እንደ ሆነች ነገረችው። መንገዱ ተዘግቶአል፥ ስልኩም ተቋርጦአል አለችው።

ከዚህ በኋላ አዲሱን ጽሑፍ አንብባ፥ ጸያፍ ቃል ይበዛበታል ብላ ተቈጣች። ሚዘሪ የሞተችበትን መጽሐፍ ባነበበች ጊዜ ደግሞ ቍጣዋ እንደ እሳት ነደደ፤ በቤትዋ መሆኑን የሚያውቅ ማንም ሰው እንደሌለም ገለጠችለት። አዲሱን ጽሑፍ፥ ሌላ ቅጂ የሌለውን፥ በገዛ እጁ እንዲያቃጥለው አስገደደችው። አንዲት ፊደል የጎደለችበት የጽሕፈት መኪና አመጣችለትና ሚዘሪን ከሞት የሚያስነሣ መጽሐፍ ጻፍልኝ አለችው። ከተኛበት ክፍል ሾልኮ እንደ ወጣ ባወቀች ጊዜ በአልጋው ላይ አስራ ቍርጭምጭሚቶቹን በታላቅ መዶሻ ሰበረች። ከሰበረችም በኋላ እንደምትወደው ነገረችው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ በዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ያን ቃል ስትናገር አልዋሸችም፤ ከልብዋ እንደምትወደው ታምን ነበር። የነገሩም ክፋት ይህ ነው። የሚጠላህ ሰው እግርህን ቢሰብር የምትጠራውን ስም ታውቃለህ፤ የሚወድህ ሲሰብርህ ግን ምን ትለዋለህ? አባቶቻችን ላም እሳት ወለደች፥ እንዳትልሰው ፈጃት፥ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ያሉት እንዲህ ላለው ጭንቅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አራት ትምህርት እናውጣ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ውለታ ነው። አኒ የደራሲውን ሕይወት ማዳንዋ እውነተኛ መልካም ሥራ ነበረ፤ እርስዋ ባትደርስለት ኖሮ በበረዶ ውስጥ በሞተ ነበር። ነገር ግን ያዳነችውን ሰው እንደ ገዛችው ዕቃ ቈጠረችው። ጌታችን የተናገረውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ አስብ። እርሱም የቈሰለውን ሰው ከመንገድ አነሣ፥ ቍስሉን አሰረ፥ በእንግዶች ማደሪያ አሳደረው፥ ገንዘብም ከፈለለት። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱን ሄደ፤ በሽተኛውን በቍልፍ አልዘጋበትም፥ ስንት ዓመት ታገለግለኛለህም አላለውም። በሳምራዊውና በአኒ መካከል ያለው ልዩነት በመድኃኒቱ አይደለም፥ በበሩ ነው። የእውነተኛ ቸርነት በር ከውጭ አይቈለፍም። አንተም የሙት ልጅ አሳድገህ፥ ድኻ ዘመድህን አስተምረህ፥ ወይም ታማሚን አስታምመህ እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ፤ ያለ እኔ ምን ነበርህ የሚለውን ቃል በአፍህ ስንት ጊዜ ተናግረኸዋል? በልብህስ?

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምስል ነው። አኒ ፖል ሸልደንን አላወቀችውም። የምትወደው በመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ሥዕልና በመጽሐፉ ውስጥ ያለችውን ሚዘሪን ነበረ። ሕያው ሰው ግን ይሰለቻል፥ ይለወጣል፥ አዲስ ሥራ ይጀምራል። እርስዋም ሰውየው ከምስሉ ጋር ባልተስማማ ጊዜ ምስሉን አልተወችም፥ ሰውየውን ሰበረች። በእንግሊዝኛ አድናቂ ማለት «ፋን» ነው፤ ይህም ፋናቲክ ከሚለው ቃል እንዳጠረ ይነገራል፥ የዚያም ሥር ቤተ ጣዖት የሚል ትርጓሜ ያለው የላቲን ቃል ነው። ቃሉ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይዞአል። ማድነቅ ኃጢአት አይደለም፤ መልካም ድምፅ፥ መልካም ጽሕፈት፥ የእጅ ጥበብም ሁሉ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ማድነቅ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤተ ጣዖት የሚገባበት ደፍ አለ፤ ያ ደፍ ዝቅተኛ ነውና ሰው ሲሻገረው አያስተውልም።

ሦስተኛው ትምህርት እንዲህ ያለ ፍቅር ወደ ጥላቻ የሚለወጥ መሆኑ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን የአምኖንን ነገር አንብብ። ትዕማርን ከመውደድ የተነሣ እስኪታመም ደረሰ፤ በግፍ ከያዛት በኋላ ግን ጥላቻው ከቀደመው ፍቅሩ በለጠ፥ ከደጁም አስወጣት። በልስጥራን ከተማ የነበሩትም ሰዎች ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናቸው ብለው ሊሠዉላቸው በሬ አመጡ፤ ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ ያው ጳውሎስ ተወግሮ፥ ሞቶአል ተብሎ ከከተማ ውጭ ተጣለ። የአበባ ጕንጕን የያዘ እጅ ድንጋይ ለማንሣት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ስለ ምን? ለራሱ የሚፈልግ ፍቅር ሲከለከል እንደ ተዘረፈ ሰው ይቈጣልና። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ፍቅር ሲጽፍ ከዘረዘራቸው ምልክቶች አንዱ የራስን ጥቅም አለመፈለግ ነው፤ ይህ ምልክት ከጠፋ የቀረው ሁሉ ስሙ ብቻ ፍቅር ነው።

አራተኛው ትምህርት ሃይማኖተኞች ነን ለምንል ለእኛ የሚከብድ ነው። አኒ በአንገትዋ መስቀል ታደርጋለች። ጸያፍ ቃል ከአፍዋ አይወጣም፥ ሌላውም ሲናገር ትቈጣለች። ደራሲው ወደ ቤትዋ የመጣበትን ምክንያት እግዚአብሔር እንደ ገለጠላትም ትናገራለች። ነገር ግን በሐኪም ቤት ስታገለግል ሕፃናት በእጅዋ ሞተው ተከስሳ ነበር፤ የሚፈልገውንም የአውራጃ የፖሊስ ሹም በጠመንጃ ገደለች። ክፉ ቃል ያስደነግጣታል፥ ክፉ ሥራ ግን አያስደነግጣትም። ከዚህም የሚበልጥ አለ። በተከሰሰች ጊዜ ለጋዜጣ ሰዎች ስለ ሰማያዊ ፍርድ ታላቅ ቃል ተናግራ ነበር፤ ያ ቃል ግን ከቅዱስ መጽሐፍ የተገኘ አልነበረም፥ ከሚዘሪ ልብ ወለድ ታሪክ የተለቀመ ነበር። ሽማግሌው የፖሊስ ሹም ፈለግዋን ያገኘው መጽሐፎቹን በትዕግሥት እያነበበ ይህን ቃል ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ባስተያየ ጊዜ ነው። አየህን? የእግዚአብሔርን ስም ትጠራለች፥ አምላክዋ ግን የልብ ወለድ መጽሐፍ ነበረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛም መስቀል ከማሰር አስቀድመን የመስቀሉን ነገር እንማር። በመስቀል ላይ ያለው ፍቅር ራሱን ሰጠ እንጂ ሌላውን አላሰረም።

ምናልባት አንተ ይህ ተረት ነው፥ እንዲህ ያለ ሰው ከወዴት ይገኛል ትል ይሆናል። እንግዲህ የሆነውን ስማ። ታናሹን ነገር አስቀድሜ ልናገር። በ1893 ዓ.ም. ብሪታንያዊው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን ታዋቂ መርማሪ በታሪኩ እንዲሞት ባደረገ ጊዜ፥ ብዙ አንባቢዎች ተቈጥተው መጽሔቱን መግዛት ተዉ። ደራሲው ከዓመታት በኋላ፥ በ1903 ዓ.ም.፥ ሆምስን ወደ ሕይወት መለሰው። ያ ቍጣ በወረቀትና በገንዘብ ብቻ የቀረ ነበር። ሁልጊዜ ግን በዚያ አይቀርም። በታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አንድ ወጣት ዘፋኙን ጆን ሌነንን በመኖሪያ ቤቱ ደጅ ቆሞ ጠበቀው፤ ከሰዓት በኋላ የዘፈን ሸክላውን ሽፋን አስፈረመው፥ በዚያው ቀን ማታም ተኵሶ ገደለው። በሐምሌ 18 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ የ21 ዓመት ወጣት የነበረችው ተዋናይ ሬቤካ ሼፈር በሎስ አንጀለስ በቤትዋ ደጅ ተገደለች። ገዳይዋ ለብዙ ጊዜ የተከታተላት አድናቂ ነበረ፤ አድራሻዋንም በገንዘብ በቀጠረው መርማሪ አማካይነት አገኘ፥ በአንድ ፊልም የተጫወተችው ክፍልም አስቈጥቶት ነበር። ልክ እንደ አኒ፥ ምስሉ ስለ ተለወጠበት ሰውን ቀጣ። ከዚህ በኋላ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1990 ዓ.ም. ሰውን እየተከታተሉ ማስፈራራትን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በአሜሪካም እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበረ።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር ሳቶሺ ኮን በ1997 ዓ.ም. «ፐርፌክት ብሉ» የተባለ በሥዕል የተሠራ ፊልም አወጣ፤ በእርሱም አንዲት ዘፋኝ መዝፈንን ትታ ተዋናይ ልትሆን በወደደች ጊዜ፥ እንደ ቀድሞዋ ካልሆነች በሕይወት መኖርዋን የማይታገሥ ተከታይ ተነሣባት። አገሩ ሌላ፥ ልማዱ ሌላ፥ ኃጢአቱ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው እንዲለወጥ አለመፍቀድ ነው።

በዚህ ግን ፍርድ እንዳናጣምም እንጠንቀቅ። እንዲህ ካደረጉት አንዳንዶቹ አእምሮአቸው የታመመ ነበሩ። በ1981 ዓ.ም. የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋንን ተኵሶ ያቈሰለው ወጣት፥ አንዲት የፊልም ተዋናይ እንድታስበው ብሎ እንዳደረገው ታወቀ፤ በ1982 ዓ.ም. ዳኞች አእምሮው የታወከ ነው ብለው ስለ ፈረዱ ወደ ሐኪም ቤት ተላከ። ስለዚህ ወንድምህ ከማያውቀው ሰው ጋር በምሥጢር እንደሚነጋገር፥ ወይም ዘፋኙ ስለ እርሱ ብቻ እንደሚዘፍን ቢነግርህ፥ አትሳቅበት፥ አትምታውም። ጸልይለት፥ ነገር ግን ጸሎቱን የሐኪም ምትክ አታድርገው፤ እጁን ይዘህ ወደ ሐኪም ውሰደው። በጊዜ የተያዘ በሽታ ከብዙ ደም ያድናል።

ለሚደነቁት ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ጳውሎስና በርናባስ ሕዝቡ ሊሠዋላቸው በመጣ ጊዜ ልብሳቸውን ቀደው፥ እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን ብለው ጮኹ። ሄሮድስ ግን ሕዝቡ የአምላክ ድምፅ ነው ሲለው ዝም ብሎ ተቀበለ፥ ፍጻሜውም ክፉ ሆነ። ሰባኪ፥ ዘማሪ፥ መምህር፥ ጸሓፊም የሆንህ ሁሉ፥ የሕዝብ እልልታ በጆሮህ ሲጣፍጥ ያን ጊዜ ልብስህን የመቅደጃ ጊዜህ እንደ ደረሰ እወቅ። ደራሲው ኪንግም በኋላ እንደ ተናገረው፥ ያን መጽሐፍ በጻፈበት ወራት ኮኬይን የሚባለው ዕፅ ይዞት ነበር፥ አኒም የዚያ ዕፅ ምሳሌ ነበረች። መድኃኒት እየሰጠች በአልጋ የምታስር አስታማሚ! የሰው ምስጋናም እንዲሁ ነው፤ ሕመምህን ያስታግሥልሃል፥ ተነሥተህ እንድትሄድ ግን አይፈቅድልህም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፤ መዶሻ አላነሣህምና ነገሩ አይነካኝም አትበል። ሆርተንና ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1956 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲኒማም ሰውን ከማያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት የተወዳጀ እንደሚያስመስሉት አስረድተዋል። አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ይሰማል፤ ወዳጅነቱም በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዛሬማ ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶአል። የምታደንቀው ሰው ከእንቅልፍህ ስትነሣ በመዳፍህ ላይ ነው፤ ምን እንደ በላ፥ ወዴት እንደ ሄደ፥ ከማን ጋር እንደ ተጣላ ታውቃለህ። የጎረቤትህ ልጅ ስም ግን ጠፍቶብሃል። እርሱን የነቀፈውን ሁሉ ልትሰድብ ትቸኵላለህ፤ እርሱ ራሱ የማትወደውን ያደረገ ቀን ደግሞ ከሰዳቢዎቹ ሁሉ ትቀድማለህ። ይህ ከአኒ ቤት አንድ ክፍል አይደለምን? በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ይህ በሽታ አለ፤ የቆሮንቶስ ሰዎች ግማሹ የጳውሎስ፥ ግማሹ የአጵሎስ ነን እያሉ ተከፋፍለው ነበር። የሰባኪውን ድምፅ ወድደው ቃሉን የማይሰሙ ዛሬም ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ልብህን የምትመረምርባቸው ሦስት ጥያቄዎች እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ፥ የምታደንቀው ሰው መንገዱን ቢለውጥ ወይም ሥራውን ቢተው፥ ደግ ያግኝህ ብለህ ልትሸኘው ትችላለህን? ሁለተኛ፥ እርሱን መከተልህ በቤትህ ላሉት የሚገባቸውን ጊዜና ፍቅር ወስዶባቸዋልን? ሦስተኛ፥ የለመንኸውን ቢከለክልህ ታዝናለህን ወይስ ትቈጣለህ? ኀዘን የፍቅር ልጅ ነው፥ ቍጣ ግን ብዙ ጊዜ የባለቤትነት ልጅ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርቱ ትተውት ወደ ክርስቶስ በሄዱ ጊዜ አልተቈጣም፤ እርሱ ሲያንስ ሌላው ሲበዛ ደስ አለው። ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ፈተና አላውቅም።

በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ተይዘህ ያለህ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ምናልባትም ባል ወይም ሚስት፥ ወይም አሳዳጊ፥ ወይም ውለታ የዋለልህ ጌታ፥ ይህን ስማ። ስለምወድህ ነው የሚል ቃል ስብራትን አያቀናም። ውለታን ማመስገን ግዴታ ነው፤ ስለ ውለታ ግን ነፍስን መሸጥ ግዴታ አይደለም። ለምታምነው ሰው ተናገር፥ ለሽማግሌ ተናገር፥ ሲያስፈልግም ለዳኛ ተናገር። ጎረቤት የሆንህ ሆይ፥ አንተም እንደዚያ የፖሊስ ሹም ሁን፤ ሁሉ ሞቶአል ብለው በተዉት ጊዜ እርሱ ግን መፈለጉን አልተወም።

በፊልሙ መጨረሻ ፖል ሸልደን የተጻፈውን መጽሐፍ በፊትዋ አቃጠለ፥ ታግሎም ከሞት አመለጠ፤ አኒ ግን በዚያ ትግል ሞተች። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ በኒው ዮርክ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ አስተናጋጅዋ ወደ እርሱ ስትመጣ አኒ መስላ ታየችው። ምስኪንዋ አስተናጋጅ ታላቅ አድናቂዎ ነኝ ብላ በትሕትና ተናገረች፤ እርሱም ቃሉን ሲሰማ ፈገግ ቢልም ልቡ ፈራ። ክፉ ፍቅር የሚያደርሰውን ጉዳት ተመልከት። ሰውን መስበር ብቻ አይበቃውም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ቅን ቃል ሁሉ ያስፈራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የምትወደውን ሰው ዛሬ በልብህ ከቈለፍህበት ክፍል አውጣው። ጥበቡን አመስግን፥ ስሕተቱን ታገሥ፥ መንገዱንም ልቀቅለት። አምልኮህን ለሚገባው ለአንዱ ብቻ አድርግ፤ ሰው የአምልኮን ሸክም መሸከም አይችልምና፥ ከተጫነበት ወይ እርሱ ይሰበራል ወይም አንተ ትሰብረዋለህ። ይህን እንድታደርግ እግዚአብሔር ይርዳህ። አሜን።